ነጥብ ሆኜ የከረምኩበት ሰመር

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። እንጀራው ትኩስ ስለነበር ፌስታሉ ከውስጥ አልቦታል። የሆነ ድምፅ ሰምቼ ቀና ስል አንዲት ድሮን ከጣሪያዎቹ ከፍ ብላ፣ ቀጥ ብላ ስትሄድ አየሁ። አጠገቤ ቡና የያዘ አንድ ልጅ እሱም ቀና አለና «የፖሊስ ናት፤ የሆነ ሰው 911 ደውሎ ይሆናል» ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ለምዷታል። እኔ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ባልቲሞር ትዝ አለችኝ።

ያኔ፣ በ2020 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የምኖረው ባልቲሞር ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ኑሮው ግን ሌላ ነው። አንድ ናርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። ኮቪድ የገባበት ጊዜ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ የማስኩ ገመድ ጉንጬ ላይ ሰንበር ጥሎብኝ፣ አውቶቡስ ፈርቼ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ባልቲሞርን የሚያውቅ ያውቃል፤ ቤቶቹ ተጣብቀው በረድፍ የተሠሩ ናቸው፣ በየደጃፉ ደግሞ ሦስት አራት ደረጃ ነጭ እብነ በረድ አለ። በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ለካ ከላይ እየታየሁ ነው።

ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31፣ አየሩ ደህና በሆነ ቁጥር፣ ለፖሊስ የሚሠሩ ትናንሽ ሴስና አውሮፕላኖች ቀን ቀን ከከተማው በላይ ክብ እየሠሩ ይበሩ ነበር። ሦስት ናቸው። በሳምንት ቢያንስ 40 ሰዓት ይበራሉ ተብሏል። ሆዳቸው ላይ የታሰሩት ካሜራዎች በየሰከንዱ አንድ ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ፎቶ 32 ስኩዌር ማይል ይሸፍናል። አውሮፕላኖቹ በቀን ከከተማው 90 በመቶ ገደማውን ያያሉ ተብሏል። ቤቴ፣ ሥራ ቦታዬ፣ ቤተ ክርስቲያኔ፣ ክሊኒኬ፣ ሁሉም አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል።

ሰው እዚያ ፎቶ ላይ አንዲት ነጥብ ነው። ፊት የለውም፣ ልብሱ አይለይም፣ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። የፖሊስ ሰዎች ሕዝቡን ሲያረጋጉ ደጋግመው ያነሱት ይኼን ነበር። ነጥብ ብቻ ናችሁ፣ ምን ያስፈራችኋል ነው ነገሩ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ እውነት መስሎኝ ነበር።

አሠራሩን ሳውቅ ነው የደነገጥኩት። አንድ መንገድ ጥግ ላይ ሰው ተተኮሰበት እንበል። ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ወደዚያች ሰከንድ ይመለሳል። ከቦታው የሚሸሹ ነጥቦች አሉ። አንዷን ይይዝና ወደፊት እያስኬደ የት ቤት እንደገባች ያያል። ከዚያ ወደኋላ እየመለሰ ጠዋት ከየት እንደወጣች፣ በመንገድ ከማን ጋር እንደቆመች ያያል። ነጥቧ የመንገድ ካሜራ ባለበት ካለፈች ደግሞ የዚያን ካሜራ ቪዲዮ ከፍቶ ፊቷን ያገኛል። ባልቲሞር ውስጥ የዚህ ዓይነት ካሜራ ከ800 በላይ ነበር። የመኪና ታርጋ የሚያነቡም አሉ። ነጥብ ቤት አላት፣ በር አላት። በሩን ያወቀ ስሙን ለማወቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

እውነቱን ለመናገር ደንብ ነበረው። ለአራት ዓይነት ወንጀል ብቻ ነው የምንጠቀምበት ብለዋል፤ ለነፍስ ግድያ፣ ሰው ለቆሰለበት ተኩስ፣ በመሣሪያ ለሚፈጸም ዝርፊያና በኃይል ለሚነጠቅ መኪና። ምስሉም ለምርመራ ካልተፈለገ በ45 ቀን ይጠፋል ተባለ። ግን ወንጀሉ የት እንደሚፈጸም አስቀድሞ ስለማይታወቅ መቀረጽ ያለበት ሁሉም ሰው ነው። ከመቶ ሺዎች መሃል ጥቂቶቹን ለመያዝ የሁላችንም እርምጃ መቀመጥ ነበረበት።

የእኔ ነጥብ ምን ትናገር ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ጠዋት ከናርሲንግ ሆሙ ትወጣለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከሌሎች ነጥቦች ሁለት ሜትር ርቃ ትቆማለች። አንድ ሐሙስ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ገብታ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። ይኼ ሁሉ ምንም አይደለም፣ ይታይ።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ያን ሰመር አንዲት ጓደኛዬ ከባሏ ሸሽታ ተደብቃ ነበር። የት እንዳለች የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ሐበሻ መሃል ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው መኪናዬን ሰፈሩ ውስጥ ቢያይ በማግስቱ ባሏ ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሽሮና እንጀራ ይዤ ስሄድ መኪናዬን ሁለት መንገድ ርቄ አቆምና በጓሮ በኩል ዞሬ እገባለሁ። ከመሬት ላይ ላለ ሰው ያ ዙሪያ ጥምጥም ይሸፍነኛል። ከላይ ለሚያይ ግን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠኝ እሱ ራሱ ነው። ደህና ሰው ለምን ሁለት መንገድ ርቆ አቁሞ በጓሮ ይዞራል?

እኛ አገር «ፕራይቬሲ» ሲባል የሀብታም ነገር ይመስለናል። ግቢ ያለው፣ አጥር ያለው፣ መጋረጃ የሚመርጥ ሰው ጉዳይ። እናቴ ያሳደገችኝ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ግድግዳችን የጎረቤት ግድግዳ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ቃሉ አልነበረንም። ግን ገበና የሚለውን ቃል እናውቃለን። «እግዜር ገበናሽን ይሸፍንልሽ» ብለው የሚመርቁ እናቶች መሃል ነው ያደግኩት። ገበና ወንጀል አይደለም፣ ውሸትም አይደለም። ቤት ውስጥ ስኳር ማለቁ ገበና ነው። የወንድም መጠጣት፣ የእህት ከባል ቤት ተመልሶ መምጣት ገበና ነው። ጎረቤት ያየዋል፣ ይሰማዋል፣ ግን እንዳላየ ያልፋል፤ ያኛውም የአንቺን እንደዚያው። ድሃ ሰፈር ውስጥ ሰው ተከባብሮ የሚኖረው በዚህ ነው። አውሮፕላኗ ግን እንዳላየች ማለፍ አትችልም። አይታ ታስቀምጣለች።

ያን ሰመር ለእማዬ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «ከላይ የሚያይ አንድ እግዚአብሔር ነው» አለች። ቀጥሎ ዝም አለች። ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነገረችኝ። በደርግ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ነው፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት አንድ ጆሮ ጠቢ ነበር። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ ብሎ ይጽፋል። ወንድሟ ከሌላ ሰፈር መጥቶ አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ መጥተው ወሰዱት። አሥራ አንድ ወር ታስሮ ተፈታ። «ያ ሰውዬ እንኳን ይተኛ ነበር» አለችኝ እማዬ። «ቡና ሲጠራ ይነሳ ነበር። እኛም እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቀን ነበር የምንወጣው።»

ባልቲሞርን ከደርግ ጋር ላወዳድር አይደለም። አንዱን ከሌላው ማምታታት ለሁለቱም ጊዜ ሰዎች ግፍ ነው። ግን እማዬ ያለችው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። እሷን ያኖራት የጠባቂው እንቅልፍ ነበር።

አውሮፕላኗ ባልቲሞር ላይ ስትበር ደግሞ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ቴክኖሎጂው የተጀመረው ለኢራቅ ጦርነት ነው፤ መንገድ ዳር ቦምብ የሚቀብሩትን ሰዎች ዱካ ወደኋላ ተከትሎ ቤታቸው ድረስ ለመሄድ። ሥራውን የመራው የአየር ኃይል መኮንን ሮስ መክነት በኋላ ዴይተን፣ ኦሃዮ ላይ ፐርሲስተንት ሰርቬይላንስ ሲስተምስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። የሜክሲኮዋ ሲውዳድ ሁዋሬዝ ላይ በረሩ። በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮምፕተን ላይ ነዋሪው ሳያውቅ ሞከሩት። በጃንዋሪ 2016 ባልቲሞር ገቡ።

በዚያ ዓመት የሆነው ነው ዛሬም የሚያናድደኝ። ገንዘቡ የመጣው ከሁለት የቴክሳስ ባለጠጎች፣ ከሎራና ጆን አርኖልድ፣ በእርዳታ ድርጅት በኩል ነው። ከከተማው በጀት ስላልወጣ የከተማው ምክር ቤት አልተወያየበትም። ሕዝቡ የሰማው ኦገስት ላይ ጋዜጠኞች ሲጽፉት ነው። አስቡት፤ ፍሬዲ ግሬይ የሚባለው ጥቁር ወጣት በፖሊስ እጅ እያለ ተጎድቶ የሞተው በኤፕሪል 2015 ነው። ከተማው ገና ቁስሉ አልደረቀም። በሞቱ በተነሳው የተቃውሞ ሰሞን የኤፍቢአይ አውሮፕላኖችም ከላያችን ሲዞሩ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እንደገና ሳይነግሩን ከላይ መጡ።

በ2020ው ላይ ተነግሮናል። ኤፕሪል 1 የከተማው ቦርድ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀ። 3.7 ሚሊዮን ዶላሩን የከፈሉት እነዚያው ባልና ሚስት ናቸው፣ በድርጅታቸው በኩል። ስብሰባ ተደርጓል፤ ግን ወቅቱ የኮቪድ ስለነበር ብዙው በኦንላይን ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የታማሚ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። ብዙው የሰፈሬ ሰውም እንደኔው ሥራ ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የቤቴ ግድግዳ ተጋሪ የነበሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊ እናት ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የእብነ በረድ ደረጃቸውን ተንበርክከው በዱቄት ሳሙናና በሻካራ ድንጋይ ይፈትጋሉ። እናታቸውም እንደዚያ ያደርጉ ነበር አሉ። የመንገዱ ሁሉ ደረጃ ሲጠቁር የሳቸው ጥርስ መስሎ ይታያል። ከሥራ ስመለስ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፣ ማስክ አድርገን፣ እሳቸው ላይኛው ደረጃ፣ እኔ ታችኛው ላይ። አንድ ቀን በጣታቸው ወደ ሰማይ ጠቆሙኝ። ዓይኔን አጥብቤ ፈለግኩ፤ አንዲት ነጭ ፍንጣሪ፣ ድምፅ የላትም፣ በዝግታ ትዞራለች። «የምትቀርጸን እሷ ናት» አሉኝ። ከዚያ «እንኳን መጣች» አሉ።

ልጃቸውን በ2017 ገድለውባቸዋል። ከቤታቸው ሁለት ጥግ አልፎ ነው። ያየ ሰው አልተገኘም፤ ያየ ካለም አልተናገረም። ገዳዩ ምናልባት እሑድ እሑድ ሰላም የሚሉት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አያውቁም። በ2019 ባልቲሞር ውስጥ 348 ሰው ተገድሏል፤ ፖሊስ የደረሰበት ሲሶውን ቢሆን ነው። እሳቸው እንደኔ ስለ ነጥብና ስለ ፒክስል አያስቡም። «ያኔ ኖራ ቢሆን» ነው የሚሉት። ምን ብዬ ልመልስ? የአንዲት ጓደኛዬን መደበቂያ ከሞተ ልጅ ጋር እንዴት አመዛዝናለሁ? አልመለስኩም። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

የልጅ ልጃቸው ግን መለሰላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። «አያቴ፣ ያን ፎቶ የሚይዙት እኮ እነዚያው ናቸው» አላቸው። እነዚያው ያለው ስለነማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በ2017 የባልቲሞር ፖሊስ የጦር መሣሪያ ክትትል ቡድን አባላት በፌዴራል መንግሥት ተከሰሱ፤ ሰው እያስቆሙ ገንዘብ ሲዘርፉ፣ ያልሠሩትን ትርፍ ሰዓት ሲያስከፍሉ ኖረዋል። መሣሪያ ለመሰብሰብ የተቋቋመ ቡድን ነው። ልጁ አውሮፕላኗን አልፈራትም። ማታ ፎቶውን የሚከፍተው እጅ የማን ነው የሚለው ነው ያስጨነቀው። አያቱ እሱንም ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ስለ ቲማቲም ነበር ያወራነው፤ ጓሮ ውስጥ በባልዲ ተክለው ነበር።

አውሮፕላኖቹ ይቁሙ ብለው ፍርድ ቤት የሄዱት እነዚህን ሁለት ሕመሞች አብረው የያዙ ሰዎች ናቸው። ከከሳሾቹ አንዷ ኤሪካ ብሪጅፎርድ ናት፤ በባልቲሞር መገዳደል እንዲቆም ቅዳሜና እሑድ የተኩስ አቁም ከሚያስተባብሩት መሃል። ስለዚህ ክሱ የወንጀለኛ ጠበቆች ክስ ነው የሚለውን ማንም አያሳምነኝም። ሊደርስ ኦቭ ኤ ቢዩቲፉል ስትራግል የሚባለው የጥቁሮች ድርጅትም አብሮ ከሰሰ፣ የዜጎች መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤሲኤልዩ ጠበቃ ቆመላቸው።

የቀድሞዎቹ ፍርዶች ለፖሊስ ያደሉ ነበሩ። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ ከ1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሆኖ የአንድ ካሊፎርኒያዊን ጓሮ አይቶ ማሪዋና ቢያገኝ የፍርድ ቤት ማዘዣ አያስፈልገውም አለ። በ1989 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ከሄሊኮፕተር፣ ከ400 ጫማ። ሐሳባቸው ማንም መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ሆኖ ሊያየው የሚችለውን ፖሊስ ቢያይ ምን ችግር አለው የሚል ነው። ግን የትኛው መንገደኛ ነው ስድስት ወር ሙሉ አንድ ከተማ ላይ እየዞረ የሁሉንም ሰው እርምጃ በየሰከንዱ የሚያስታውስ?

በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ መንገዱን ቀየር አደረገ። ፖሊስ የአንድን ሰው የ127 ቀን ውሎ ከስልክ ኩባንያ ያለ ማዘዣ ወስዶ ነበር። ተው፣ የሰው ውሎ ተጠራቅሞ ሲታይ ሕይወቱ ነው፣ ማዘዣ ያስፈልጋል ተባለ። የባልቲሞር ከሳሾች ይህን ይዘው ተከራከሩ። መጀመሪያ ተረቱ። ይግባኝ ጠየቁ፤ ሦስት ዳኞች አይተው ሁለት ለአንድ እንደገና ተረቱ። በመጨረሻ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ተሰበሰቡና ጁን 24፣ 2021 ስምንት ለሰባት ረቱ። ውሳኔውን የጻፉት የያኔው ዋና ዳኛ ሮጀር ግሪጎሪ ናቸው። ነጥቧ ፊት ባይኖራትም ከየት ተነስታ የት እንደምታድር በማየት ባለቤቷ ይታወቃል ብለዋል። አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ስምንት ለሰባት። አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ሰባቱም ከንቱ ሰዎች አይደሉም። የሚሞቱት ጥቁር ወጣቶች ናቸው፣ ከተማው ራሱ መፍትሔውን ይሞክር ነው ያሉት። ጎረቤቴ ቢያነቡት በደንብ ተናገሩልኝ ይሉ ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ አውሮፕላኖቹ ከቆሙ ቆይተዋል። ከተማው ፌብሩዋሪ ላይ ውሉን ሰርዞታል። 2020 በ335 ግድያ ነበር ያለቀው። ዳኞቹ ግን ነገሩ አልተዘጋም አሉ፤ ምክንያቱም ከምስሉ 14 በመቶ ገደማው ለምርመራ ተብሎ ተይዞ ነበር። ተይዞ የቀረው ውስጥ የትኛው ማክሰኞ እንዳለ አላውቅም። ጓደኛዬ ዛሬ ሌላ ስቴት ነው የምትኖረው፣ ደህና ናት።

እኔ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣሁ። በ2023 ሞንትጎመሪ ካውንቲ ድሮኖቹን እዚሁና ዊተን ላይ ጀመረ። 911 ሲደወል ከፖሊስ መኪና ቀድማ ትደርሳለች። ይኼ ከባልቲሞሩ ይለያል፣ መለየቱን ደግሞ መናገር አለብኝ። ተጠርታ ነው የምትሄደው፣ ሁሉንም ሰው ሁልጊዜ አትቀርጽም። ካውንቲው የት እንደበረች ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ልጅ ቢጠፋ፣ አዛውንት መንገድ ቢስት፣ እኔም ቶሎ ድረሺ ነው የምላት። ግን መሃል ላይ ያሉትን ቤቶች፣ በየመንገዱ ያሉትን በረንዳዎች አልፋ ነው የምትሄደው። በዚያ በረንዳ ላይ የኛ ሰው ቡና ያፈላል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ወረቀት የሌለው ዘመዱን ያስተናግዳል። በካውንቲው ስብሰባ ላይ ይኼን የምንጠይቅ ሐበሾች ብንኖር ደስ ይለኛል። ቪዲዮው ስንት ቀን ይቆያል፣ ማን ይከፍተዋል፣ ለማን ይሰጣል፤ ኢሚግሬሽን ቢጠይቅስ? በአማርኛ አስተርጓሚ ሊጠየቅ ይችላል፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብሎ መቅረት አይገባም። ለትምህርት ቤትና ለመኪና ማቆሚያ ተሰልፈን እንጮኻለን፣ ለዚህም መሄድ አለብን።

ባለፈው ሰመር ባልቲሞር ሄጄ ጎረቤቴን አየኋቸው። ደረጃቸውን እየፈተጉ ነው የደረስኩት። ከጎናቸው ተንበርክኬ ባልዲውን ያዝኩላቸው። ስለ ፍርድ ቤቱ ነገር ከስንት ጊዜ በኋላ ነገርኳቸው፤ መስማታቸውን ግን ቀድሜ አላወቅኩም ነበር። ድንጋዩን ባልዲው ውስጥ ነክረው «ልጄን የገደሉት ማታ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ» አሉኝ። «እሷ ደግሞ ማታ አትበርም ነበር አሉ። ቀን ቀን ብቻ። ይኼን ማንም አልነገረኝም።»

ያኔ ፎክስትሮት መጣ። የባልቲሞር ፖሊስ ሄሊኮፕተር ነው፤ ሰፈሩ በስሙ ይጠራዋል። ሲደርስ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ የባልዲው ውኃ ክብ ክብ ሠራ፣ ከፊት ለፊት ያለው ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ከጣሪያችን በላይ ሁለቴ ዞረ። መነጋገር ስለማይቻል ዝም ብለን ቀና አልን። እሱ እስኪርቅ ጠብቀው ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ስለ ልጃቸው ነበር፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው እዚያች ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሐብሐብ ስለመብላቱ፣ ፍሬውን መንገድ ላይ እየተፋ እሳቸውን ስለማናደዱ።